ወይን የሌለው ወይና ደጋ፤ ከአክሱም እስከ ክላርክስበርግ

ከጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ

በዚህ ዓምድ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድንበርና ስለ ፓርቲ ብዙ ይጻፋል። ለዛሬ ብቻ ስለ ወይን ተክል እንድጽፍ ፍቀዱልኝ። ስለሚጠጣው አይደለም፤ ስለሚጠጣው ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ወዳጆች ሞልተውኛል። እኔ የማወራው ስለ ግንዱ፣ ስለ ሐረጉና ስለ ሥሩ ነው። ሙያዬ ምሕንድስና ስለሆነ የታሪክ ሊቅ ነኝ አልልም። ሆኖም ሙያው አንድ ጠቃሚ ልማድ አስተምሮኛል፤ አንድ ሕንፃ ሲወድቅ «ማን ጣለው?» ከማለታችን በፊት «መጀመሪያስ እንዴት ቆሞ ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ጽሑፍ የማደርገውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኳቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳስብ።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ነው። አንዱ ወንድማችን «ወይን እኮ የኛ ተክል አይደለም፣ ፖርቱጋሎች ናቸው ያመጡልን» አለ። ሌላው ቆጣ ብሎ «የለም! አገሩ ሁሉ ወይን ነበር፣ ግራኝ ነው ያጠፋው» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወዴት እንደሄደ መገመት ለእናንተ አይከብድም፤ ከወይን ወደ ሃይማኖት፣ ከሃይማኖት ወደ ብሔረሰብ ለመድረስ አንድ ሲኒ ቡና አልፈጀም። እኔ ግን ሁለቱም አባባሎች አላረኩኝምና ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ። ሁለቱም ልክ እንዳልሆኑ አሁን አምናለሁ። ለምን እንደሆነ እነሆ።

መጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። የአገራችንን አየር ጠባይ ስንከፍል ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እንላለን። ወይና ደጋ ማለት በግርድፉ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አዲስ አበባን ለጥቂት የማይጨምር፣ ብዙው ሕዝባችን የሚኖርበት መሬት ነው። ቃሉን ለሁለት ከፍላችሁ ብታዩት ትርጉሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ። አገሩን «ጤፍ ደጋ» ወይም «ጌሾ ደጋ» ያላለ ሕዝብ «ወይና ደጋ» ሲል ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወደ ሰው ስም ብንሄድ ደግሞ ወይንሸት የምትባል እህት ወይም አክስት የሌለው ሰው ከመካከላችን ስንቱ ነው? የወይን እሸት! እሸት የሚባለው ከማሳ ተቀጥፎ የሚበላ ነገር ነውና፣ ስሙን ያወጣው ሰው ወይንን የሚያውቀው በጠርሙስ ሳይሆን በሐረጉ ላይ ይመስላል። ቀለሙንም ወይን ጠጅ እንለዋለን። በጸሎታችን እመቤታችን በወይን ሐረግ ትመሰላለች። ገበሬው በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ተክል በቋንቋው ውስጥ ይህን ያህል ሥር መስደዱ ሊያስገርመን ይገባል።

ቋንቋ ግን ማስረጃ ቢሆንም በቂ ማስረጃ አይደለም። ወይን የሚለው ቃል ራሱ ከዕብራይስጡ፣ ከግሪኩና ከላቲኑ ቃል ጋር ዘመድ ስለሆነ ቃሉም ከጠጁ ጋር በመርከብ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ አክሱም እንሂድ።

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ፔሪፕለስ» የተባለው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከጣልያን የሚመጣ የወይን ጠጅ ይቆጥራል፤ ብዙ እንዳልሆነም ይናገራል። ከአክሱምና ከአዱሊስ ፍርስራሾች ከቀይ ባሕር ጫፍ ከአቃባ የመጡ የጠጅ ማጓጓዣ ጋኖች ተቆፍረው ወጥተዋል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና የቤጃን ሕዝብ ድል አድርጎ ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር በመንገድ ላይ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በድንጋይ ላይ አስቀርጿል፤ የግሪክኛው ጽሑፍ ጠላ፣ ወይን ጠጅና ውኃ ይላል። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ወይን ጠጅ እንደነበረ ነው። ተክሉ ነበረ ወይ? በ1990ዎቹ አክሱም ውስጥ በተካሄደው ቁፋሮ የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል። ከከተማው በላይ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ በኩል ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉ ገንዳዎች አሉ፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች የወይን መጭመቂያ ነበሩ ይላሉ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የወይን ዘር መገኘቱ ሰው ወይን መብላቱን እንጂ መትከሉን አያሳይም፤ ዘቢብም እኮ ዘር አለው፣ ዘቢብ ደግሞ በግመል ይጓዛል። ገንዳውንና ዘሩን አንድ ላይ ሳያቸው ግን ሚዛኑ ወደ መትከሉ ያጋድልብኛል። መጭመቂያ የሚሠራው የሚጨመቅ ነገር በቅርብ ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ተከራካሪ ወንድሞቼ ልመለስ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ቆይቷል። ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። ይህ ሰው ወይንን ከአገሩ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ያየውን ሁሉ የሚቆጥር፣ አንዳንዴም የሚያሰለች ጸሐፊ ነው። አልቫሬዝ በአገራችን የወይን ሐረግ አይቷል። በግልጽ የወይን ጠጅ የሚጠመቀው ግን በሁለት ቤቶች ብቻ እንደነበረ ይናገራል፤ በንጉሡ ቤትና በግብፃዊው ጳጳስ በአቡነ ማርቆስ ቤት። በቀሩት አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚቀርበው ከዘቢብ የተጨመቀ ነበር፤ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ አብጦ፣ ከዚያ ይጨመቃል።

ይህች አጭር ምስክርነት ሁለቱንም አባባሎች አንድ ላይ ታፈርሳለች። ፖርቱጋሎች አመጡት እንዳይባል፣ ወደ ውስጥ አገር ዘልቀው ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው መልእክተኛ ወይኑን ተክሎ ሳይሆን ተተክሎ ነው ያገኘው። የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች የመጡት በ1541፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የገቡት በ1557 ነው። ግራኝ አጠፋው እንዳይባል ደግሞ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ትልቁ ድል የሽምብራ ኩሬው ጦርነት የተካሄደው በ1529፣ ማለትም አልቫሬዝ ከአገር ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ወይን የሚጠመቀው በሁለት ቤት ብቻ ከነበረ፣ በጦርነቱ ሊጠፋ የሚችለው የእነዚያ የሁለቱ ቤቶች ያህል ነው። ኢማሙ ብዙ ነገር አቃጥሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑንም መጻሕፍቱንም አንክድም። ያልሠራውን ግን አንጨምርበት። የሚገርመው ኢማሙ በ1543 የካቲት ወር በዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ተመትቶ የወደቀበት፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው ቦታ ስሙ ማን መሰላችሁ? ወይና ደጋ።

እንግዲህ ማንም ካላጠፋው ለምን አነሰ? እዚህ ላይ የእኔ ግምት ይጀምራል፤ ግምት መሆኑንም አንባቢ ይያዝልኝ።

የወይን ተክል እንቅልፍ የሚወድ ተክል ነው። ከጥንት ጀምሮ የተለመደበት ካውካሰስና ምዕራብ እስያ ክረምቱ ብርዳም ነው። ጆርጂያ ውስጥ 8,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሸክላዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት መገኘቱን በ2017 አስታውቀዋል። ተክሉ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በጸደይ ይነቃል፣ በደረቁ በጋ ፍሬውን ያበስላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክረምት የለም። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ከምድር ወገብ በስምንት ወይም በአሥር ዲግሪ ርቀት ላይ የተተከለ ወይን አይተኛም፤ በአንድ ሐረግ ላይ አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ፍሬ አንድ ላይ ሊታይ ይችላል። የሚያስተኛው ብርድ ሳይሆን የገበሬው መግረዣ መቀስ ነው። ገበሬው ጊዜውን ለክቶ ገርዞ ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስል ካላደረገ ሐምሌና ነሐሴ ይደርሱና ሻጋታው ቅጠሉንም ዘለላውንም ይበላዋል። ይህ እውቀት የሚጠይቅ፣ በየዓመቱ የማይዛነፍ ሥራ ነው። ጠጅ ግን ማርና ጌሾ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጌሾ ደግሞ በጓሮ ያለ ማንም እርዳታ ይበቅላል። ለመጠጥ ጠጅ ካለ፣ ለቅዳሴ ዘቢብ በነጋዴ ከመጣ (ዘቢብ የሚለው ስም ራሱ ዐረብኛ መሆኑን ልብ ይሏል)፣ ገበሬው በወይን የሚደክምበት ምክንያት ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያናችን በወይኑ ፋንታ ዘቢብን መቀበሏ ቅዳሴውን አዳነ፣ ተክሉን ግን ያለ ሥራ አስቀረው ብል ደፋር አትበሉኝ።

ያም ሆኖ ጨርሶ አልጠፋም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር አካባቢ የተዘዋወሩ አውሮፓውያን ከጣና ሰሜን ምሥራቅ በይፋግና በቃሮዳ በኩል ስላለው ወይን ጽፈዋል። ቦታው ዛሬ ሊቦ ከምከም የምንለው ነው። አሁንም ልብ በሉ፣ ወይና ደጋ ከተባለው የጦር ሜዳ ብዙ አይርቅም። አንድ ተክል ለ300 ዓመት በአንድ አካባቢ ከቆየ እዚያ የሚያውቁት እጆች ነበሩ ማለት ነው።

ስለ ዘመናዊው ታሪክ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱማይትን አስለመደን። ሠርግና ክርስትና ላይ ያ ጣፋጭ አክሱማይት ያልቀረበለት ያለ አይመስለኝም፤ ለጠላት የማይመኙት ራስ ምታት እንደነበረውም የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኋላ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ አጠገብ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የፈረንሳይ ዝርያዎች ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ብሎ ጠርሙሱን ለገበያ አወጣ። ፈረንሳዮቹ ያደረጉት ከላይ የተናገርኩትን ነው፤ አሸዋማ መሬት፣ የመስኖ ውኃ፣ በቀን የተለካ ግርዛት። ወይና ደጋ ስሙን የሚያወጣ ተክል ማብቀል እንደሚችል አሳዩን። የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። የይፋግ ዓይነት የቆየ ሐረግ በየገዳሙና በየጓሮው የቀረ ካለ፣ ዝርያውን ሰብስቦ፣ ቆርጦ፣ አባዝቶ የሚያቆይ ሰው ያስፈልገዋል። ከቦርዶ የመጣው ዝርያ ቢጠፋ ቦርዶ አለ። የእኛው ቢጠፋ መተኪያ የለውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አሁን አትላንቲክን እንሻገርና እኔ ወደምኖርበት እንምጣ።

ጀርመንታውን ስሟን ያገኘችው በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ከሰፈሩት ጀርመናውያን ገበሬዎች ነው። ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በ355 መንገድ በመኪና አሥር ደቂቃ ያህል ስትነዱ ክላርክስበርግ ትገባላችሁ። ብዙ አበሻ ቤት የገዛባት፣ አዳዲስ ቤቶች እንደ እንጉዳይ የፈሉባት ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ ስንቱ ያውቅ ይሆን? የአሜሪካ የወይን ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የጀመረው እዚያች መንደር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓውያን ወደዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ለመትከል ያልሞከሩበት ዘመን የለም። ቶማስ ጄፈርሰን ራሱ በ1773 ፊሊፖ ማዜይ የተባለ ጣልያናዊ ሲመጣለት ከሞንቲቼሎ አጠገብ መሬት ሰጥቶ ወይን አስተክሏል። አልያዘም። በየቦታው የተተከለው ሁሉ ሁለት ሦስት ዓመት አምሮበት ይቆይና ይደርቃል። ምክንያቱን ማንም አያውቅም ነበር፤ አፈሩን ወቀሱ፣ ብርዱን ወቀሱ፣ አትክልተኛውን ወቀሱ። ጆን አድለም የተባለ በነፃነት ጦርነቱ የተዋጋ መሬት ቀያሽ (የሙያ ዘመዴ ልበለው) ጆርጅታውን አጠገብ በሮክ ክሪክ ወንዝ ዳር እርሻ ነበረው። ዛሬ እሑድ እሑድ ልጆቻችንን ይዘን የምንንሸራሸርበት ሮክ ክሪክ ማለቴ ነው። ይህ ሰው በ1819 ክላርክስበርግ ውስጥ የመንገደኛ ማረፊያ ከነበራቸው ከሚስስ ሾል ጓሮ ከአንድ ያረጀ ወይን ላይ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወሰደ። ወይኑ ከየት እንደመጣ ባለቤቷም አያውቁም። አንድ ጀርመናዊ ቄስ አይተውት «ይህማ ቶካይ ነው» ብለው ስለነበር አድለም በዚሁ ስም ጠራው፤ በኋላ ግን ካታውባ ብሎ አረመው። በ1823 ስለ ወይን አተካከል መጽሐፍ አሳተመ፤ በአሜሪካ ስለ አሜሪካ ወይን ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። ጠጁን ለጄፈርሰን ላከ፤ ቅርንጫፉን ለጠየቀው ሁሉ ሸጠ። ኒኮላስ ሎንግዎርዝ የተባለ ሀብታም ወደ ሲንሲናቲ ወስዶ ከካታውባ የሚፈላ ወይን ጠጅ ሠርቶ ስሙ በዓለም ተሰማ። አድለም ይህን ወይን ለአገሩ ማስተዋወቁ የመንግሥትን ዕዳ ከመክፈል የሚበልጥ ውለታ ነው ብሎ ተናግሯል ይባላል። ትንሽ ጉራ አለበት፣ ግን አልፈርድበትም።

ካታውባ ለምን ያዘ? መልሱ የታወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ አፈር ውስጥ ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ ያህል ትንሽ ተባይ ትኖራለች። ሥር እየመጠጠች ተክሉን ታደርቃለች። የአገሬው የዱር ወይን አብሯት ስላደገ ይችላታል፤ የአውሮፓው ግን አይችላትም። ካታውባ በዘር ምርመራ እንደታየው የሁለቱ ክልስ ነው፤ ጣዕሙን ከአንዱ፣ ጽናቱን ከሌላው ወሰደ። ተባይዋ በ1860ዎቹ ከአሜሪካ በተላኩ የወይን ተክሎች ሥር ተደብቃ ፈረንሳይ ገባችና የወይኑን አገር ከዳር እስከ ዳር አወደመችው። በ1868 ማንነቷ ታወቀ። መድኃኒቱም ከዚያው ከበሽታው አገር መጣ። የአሜሪካን ዱር ወይን ሥር ወስዶ የአውሮፓን ቅርንጫፍ በላዩ ማጋባት ነበር መፍትሔው። ከቴክሳስ ሥሮችን መርጦ የላከላቸውን ቶማስ ቮልኒ መንሰንን ፈረንሳዮች በ1888 በከፍተኛ ኒሻን ሸለሙት። ዛሬ በአውሮፓ ካለው ወይን አብዛኛው የቆመው በአሜሪካ ሥር ላይ ነው።

ስለ ዘቢብ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቶማስ ዌልች የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1869 በኒው ጀርዚ የወይን ጭማቂን አፍልቶ እንዳይቦካ አድርጎ ጠርሙስ ውስጥ አሸገ። ምክንያቱ ንግድ አልነበረም፤ አጥባቂ ሜቶዲስት ስለነበር ለቁርባን የማያሰክር ወይን ፈልጎ ነው። ልጆቻችን ቁርስ ላይ የሚጠጡት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጭማቂ መነሻው ይህ ነው። ዲያቆናቶቻችን ቤተልሔም ውስጥ ዘቢብ ዘፍዝፈው ሲጨምቁ የፈቱትን ችግር ዶክተሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በራሱ መንገድ ፈታው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለክርክሩ ስል ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት የማከብራቸው እናት ደወሉልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለብዙ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሸጠው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር ሊገቡ ነው። ከጓሮአቸው አጥር ላይ ከእሳቸው በፊት የነበረ ሰው የተከለው፣ ግንዱ የሰው ክንድ የሚያህል ጥቁር ወይን አለ። የኮንኮርድ ዓይነት ይመስለኛል። በየዓመቱ ለፍልሰታ ፍቺ የመጀመሪያውን ዘለላ ለጎረቤት ያከፋፍሉ ነበር።

«ልጄ፣ የገዛው ሰውዬ ጓሮውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው አሉ። ይህን ግንድ ነቅለህ ውሰድልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ግንዱን ብነቅለው ከሥሩ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ይሞትብዎታል። ቅርንጫፉን ልቁረጥልዎት» አልኳቸው።

«ቅርንጫፉ እሱ ነው እንዴ?»

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የወይንን ታሪክ ሁሉ የያዘ ነው። አዎ፣ እሱ ነው። የወይን ዘር ፍሬውን ብትዘሩት የሚወጣው ሌላ ተክል ነው፤ ልጅ አባቱን ሙሉ በሙሉ እንደማይመስለው ማለት ነው። ቅርንጫፍ ብትተክሉ ግን ያው ራሱ ተክሉ ነው የሚቀጥለው። አድለም በ1819 የቆረጠው ካታውባ ዛሬም በሕይወት አለ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩን ለሚፈልጉት ልንገራችሁ። ያረጀ ግንድ ማዛወር የግድ ከሆነ ተክሉ በተኛበት በብርዱ ወራት መጨረሻ፣ ሐረጉን ሁለት ሦስት ዓይን ብቻ እስኪቀር ገርዞ፣ በተቻለ መጠን ሰፊ የሥር እቅፍ ይዞ መንቀል ነው። ያም ሆኖ አስተማማኝ አይደለም። ቅርንጫፍ ግን አስተማማኝ ነው። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዓይኑ ሳያብጥ፣ ባለፈው በጋ ያደገውንና የእርሳስ ውፍረት ያለውን ሐረግ ትመርጣላችሁ። ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ ይበቃል። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ ላይኛውን ከዓይኑ በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ይህ ለውበት ሳይሆን ወዴት ወደ ላይ እንደሆነ እንዳትረሱ ነው፤ የተገለበጠ ቁራጭ ሥር አይሰድም። ወዲያው የማትተክሉት ከሆነ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። (ባለቤቴ ለሦስት ሳምንት ከቅቤው አጠገብ የተኛውን እንጨት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ማለፏን አመሰግናለሁ።) ከዚያ ሁለቱን አንጓ ከአፈር በታች፣ አንዱን ወይም ሁለቱን ከአፈር በላይ አድርጎ ውኃ በማያቁር አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መትከል ነው። የእኛ የሞንትጎመሪ ቀይ ሸክላ አፈር ውኃ ስለሚይዝ በቀጥታ እዚያ ውስጥ መትከሉን አልመክርም። ቅጠል መጀመሪያ ይመጣል፣ ሥር በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቅጠል አየሁ ብሎ የሚነቅል ይጎዳል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ከእናቱ ሳትቆርጡ አንዱን ረጅም ሐረግ አጎንብሳችሁ መካከሉን አፈር ማልበስ ነው፤ ሥር ሲሰድ ትለዩታላችሁ። ቤት ለቆ ለማይሄድ ሰው ይህ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አደራ እንዳትዘነጉት። «ከአገር ቤት ሐረጉን በሻንጣ ባመጣውስ?» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ አታድርጉት። የወይን ቅርንጫፍ ያለ ልዩ ፈቃድ ከባሕር ማዶ ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው። ከዚህ ወደ ኢትዮጵያ መውሰዱም እንዲሁ አይደረግም። የፊሎክሴራን ታሪክ ከላይ የነገርኳችሁ ለጨዋታ አይደለም። ፈረንሳይን ያወደማት ጠላት ሳይሆን በቅን ልቦና ተክል የላከ ሰው ነው። ዝዋይ ላይ ያ ሁሉ ተለፍቶበት የቆመውን፣ ምናልባትም በአንድ ገዳም ቅጥር ውስጥ የቀረውን የጥንት ሐረግ በአንድ ሻንጣ ልናጠፋው እንችላለን።

ከእማማ ግንድ 12 ቁራጭ ወሰድኩ፤ ዘጠኙ ሥር ሰድደዋል። አራቱ እኔ ጋ ጀርመንታውን ከዳሱ ሥር በሽቦ ታጥረው ቆመዋል፤ አጋዘኑ ካልተከላከሉለት ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ሁለቱ ክላርክስበርግ ለሚኖር ጓደኛዬ ደረሱ። ሁለቱን ለቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰጠሁ፤ ካህኑ ከአጥሩ በደቡብ በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አስተከሏቸው። የመጨረሻዋን በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተክዬ አሌክሳንድሪያ ወደ እማማ በረንዳ ወሰድኩላቸው። ፍሬ የምትሰጠው በሦስተኛው ዓመት እንደሆነ ስነግራቸው «እስከዚያ ቅጠሉን አያለሁ» አሉና ውኃ ሊያመጡ ገቡ።